ሁለቱ ነጥብ ታች፣ አንዱ ላይ

ራት በቀረብኩ ቁጥር ከራሴ በላይ አንዲት ሴት ራቁቷን ተጋድማለች። ሰው አይደለችም፣ ጀሶ ናት፤ ክብደቷ ግን ከሰው ይበልጣል፣ የጣሪያዬም ልስን በእሷ ምክንያት ከመብራቱ እስከ መስኮቱ ተሰንጥቋል። ባለቤቷ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው አርጂያ ናት። ስንጥቁን ባሳየኋት ቁጥር "ቤቱ ነው እንጂ ያረጀው እሷ ምን አደረገች?" ትለኛለች። ሌላ ጎረቤት ቢሆን እስካሁን ተካስሰን ነበር። ከእሷ ጋር ግን ሆዴ አይጨክንም፤ የዚያችን ጀሶ ነገር አውቃለሁና።

አርጂያ ዘመኗን ሁሉ እብነ በረድ ስታለሰልስ የኖረች ሴት ናት። ጣቶቿ አሻራ የላቸውም፣ የአሸዋ ወረቀቱና ውሃው በልተው ጨርሰውታል። ባሏ ከሞተ ቆየ፣ ልጅ አልወለደችም። የምግብ ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የማይሠራ ራዲዮ፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ዝቅ ያለ የእንጨት ርብራብ ላይ ያቺው ጀሶ፣ ፕሲኬ የምትባለው። ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ከንፈሯን ከፈት አድርጋ ትጠብቃለች። ሁለቱም እጆቿ ከትከሻዋ የሉም። ጡቷ ላይ ግን የወንድ እጅ አለ፤ ከአንጓው ላይ ያበቃ፣ ባለቤት የሌለው እጅ። አንድ ጊዜ ቦይለር ሊጠግን የመጣ ሰው መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ሲያይ ቆየና "ሲኞራ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና ይህ እጅ የማን ነው?" ቢላት፣ አርጂያ ቀና ሳትል "የወንድሜ" አለችው። ሰውየው ቦይለሩን በጥድፊያ ጠግኖ ሄደ። እሷ ግን አልዋሸችም።

አባቷ አቴዎ ይባል ነበር። ስሙን ያወጡለት አናርኪስቱ አያቷ ናቸው፣ "እግዜር የለም" ለማለት፤ በእኛ በእብነ በረዷ ከተማ በካራራ እንዲህ ያለ ስም ብርቅ አይደለም። አቴዎ ከተራራው ሥር ቶራኖ ላይ በነበረው የሥራ ቤቱ ዕድሜ ልኩን የሠራው አንድ ነገር ነው ማለት ይቻላል፤ የዝነኛውን ቀራጭ የካኖቫን አሞሬና ፕሲኬ መገልበጥ። ፕሲኬ የሞት እንቅልፍ ወስዷታል፣ ክንፋሙ የፍቅር አምላክ አሞሬ ሊስማት ጎንበስ ብሏል፣ እሷም ነቅታ በሁለት እጇ ራሱን ከብባ ይዛዋለች። ካኖቫ ራሱ ሁለት ጊዜ ሠርቶታል፤ አንዱ ፓሪስ ነው፣ አንዱ ፒተርስበርግ፤ ቀረብ ብሎ ላየ ሁለቱም ልክ አንድ አይደሉም። ከዚያ ወዲህ የእኛ አገር ሰው ለመቃብሩ፣ ለሆቴሉ፣ ለሀብታሙ አትክልት ቦታ ስንት ጊዜ እንደገለበጠው ቤት ይቁጠረው።

መገልበጥ ሲባል ደግሞ በዓይን እያዩ አይደለም። ጀሶው ኩፍኝ እንደወጣበት ልጅ ከላይ እስከ ታች ነጥብ በነጥብ ነው። ከሁሉም የሚበልጡት ሦስት የናስ ሚስማሮች ናቸው፤ ሁለቱ ታች፣ ከመቀመጫው ግራና ቀኝ፤ አንዱ ላይ፣ አሞሬ ጸጉር ውስጥ። በሦስቱ ላይ የእንጨት መስቀል ይሰቀላል፣ መስቀሉ ላይ ያለችው መርፌ የጀሶውን ጥልቀት ትለካለች። ከዚያ መስቀሉ ተነሥቶ እብነ በረዱ ላይ ባሉት አቻ ሚስማሮች ይሰቀላል፣ መርፌዋ እስክትደርስበት ድረስ ድንጋዩ ይፈለፈላል። አቴዎ ቤት የገባው መስቀል ይኸው ብቻ ነበር። የላይኛውን ሚስማር መሰላል ላይ ወጥቶ የሚያስይዘው ልጁ ስፓርታኮ ነው፤ አርጂያ መሬት ተንበርክካ የታችኞቹን ሁለት በአውራ ጣቶቿ ትጠብቃለች። ሐውልቱ መካከላቸው ስለሆነ አይተያዩም። ስለዚህ እሱ ከላይ "አለሽ?" ይላል። እሷ ከታች "አለሁ!" ትላለች። መስቀሉ የሚለቀቀው ያኔ ነው። "አለሁ" ሳይባል የተለቀቀ መስቀል ይንሸራተታል፣ ስህተቱም ድንጋዩ ውስጥ ይገባል፤ እብነ በረድ ደግሞ ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለቱ ልጆች በዚህ አደጉ፣ በዚህ ሸበቱ።

አቴዎ ሊሞት ሲል ንብረቱን አካፈለ። የሥራ ቤቱ ለወንዱ ሆነ፤ ይህ ማንንም አልገረመም፣ አርጂያንም ቢሆን። ጀሶውን ግን ሁለቱም ፈለጉት። ሽማግሌው "አንተ ሁልጊዜ ላይ ነበርክ፣ የላዩን ውሰድ። አንቺ ታች ነበርሽ፣ የታቹን ውሰጂ" ብሎ ፈረደ፤ ፍትሕ መስሎት ነው መቼስ። ጀሶው ዱሮም ሲሠራ እየተነቀለ የሚገጠም ነበረና በመጋጠሚያዎቹ ተለያየ። መጋጠሚያ ደግሞ ዘመድ አይለይም። የፕሲኬ እጆች አሞሬ ራስ ላይ እንደተጠመጠሙ ከእሱ ጋር ሄዱ፤ የአሞሬ እጅ ከፕሲኬ ደረት ጋር አንድ ላይ የተቀዳ ስለነበር ከእሷ ጋር ቀረ። ጭነቱ በተጫነበት ዕለት ስፓርታኮ፣ ከሐዘኑም ይሁን ከጠጣው፣ በሰው ፊት "አለስላሽ ደግሞ ምን ድርሻ አላት? ልስላሴዋን ይዛ ትሂድ!" አላት። አርጂያም ለአፏ አላነሰችም፤ "አንተም ክንፍህን ይዘህ ብረር!" ብላው መኪናው ላይ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ቀብር ላይ ይተያያሉ፣ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፣ ያልፋሉ።

ሰው ሁሉ ኩራት ይለዋል፤ እኔ ግን ከሥሯ ስለምኖር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መጠበቅ ነው። አርጂያ አንድ ነገር ይዛ ነው የኖረችው፦ ሁለቱ ሚስማር እሷ ጋ ነው፣ አንዱ እሱ ጋ ነው፤ አንድ ቀን ትእዛዝ ይመጣል፤ ሦስቱ ካልተገናኙ ደግሞ ቅጂ የለም። ስለዚህ በሯን ማንኳኳቱ አይቀርም። ያን ቀን ምን እንደምትለው በየጊዜው እየቀያየረች ታጠናለች፤ አንዴ ታስለቅሰዋለች፣ አንዴ ደጅ ታስጠናዋለች። ደረጃው ላይ የወንድ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ከላይ ወንበሯ ሲንቀሳቀስ እሰማለሁ። ፖስተኛ ነው፣ ወይም የሦስተኛው ፎቅ ልጅ። ወንበሩ ተመልሶ ቦታው ይቀመጣል።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ የሽምብራ ቂጣ ልትገዛ ቂጣ ሻጯ ዶሪና ጋ ወረደች። የዶሪና ቂጣ ቁራሹ ሁለት ዩሮ ከሃምሳ ገብቶ ወረፋው ሲያጉረመርም ነበር። ዶሪና የሰው ወሬ እንደ ቂጣዋ ትኩሱን ማቅረብ የምትወድ ሴት ናት፤ አርጂያን ስታይ ምጣዱን ትታ እጇን አጨበጨበች።

"አርጂያ፣ እንኳን ደስ አለሽ!"

"ለምኑ?"

"ለሠርጉ ነዋ! ወንድምሽ ክንፋሙን ዳግም ሊድረው አይደል? ከፒየትራሳንታ ሌላ ሙሽራ አስመጥቶለታል። እሷ እንኳ እጅ አላት አሉ!"

ወረፋው ሳቀ። ከኋላ የቆመ አንድ የድንጋይ መኪና ሹፌር፣ ለማስረዳት ብሎ፣ ነገሩን አባሰው፦ ድንጋይ በሮቦት የሚፈለፍሉት ሰዎች ዛሬ ቶራኖ ይወጣሉ፤ ሁለቱን ጀሶ ገጥመው በብርሃን ያነቡታል፤ ለባሕር ማዶ ሆቴል ነው። "ነጥብ፣ ሚስማር፣ መስቀል፣ ያ ሁሉ ቀረ። ብርሃን ያበሩበታል፣ አለቀ።"

አርጂያ ቂጣዋን በወረቀት አስጠቅልላ ቀጥታ እኔ በር ላይ መጣች። አልገባችም። "ኢሶሊና፣ ሚስማር አያስፈልግም አሉ እኮ" አለችኝ።

"ማን አለ?"

"እንግዲህ አይመጣም።"

"ታዲያ አንቺ ለምን አትሄጂም? ክንፍ ያለው እሱ ነው እንጂ አንቺ እግር አለሽ" አልኳት። ሳቅ እንኳ አላለችም። ፎቅ ወጥታ ትንሽ ቆየችና ጥቁሩን ኮቷን ለብሳ ወረደች፤ ያልቀመሰችውን ቂጣ በክንዷ ሥር ይዛለች። ወንድም ቤት ባዶ እጅ አይኬድም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከእሷ እንደሰማሁት ነው የምነግራችሁ። ቶራኖ የሚወጣው አውቶቡስ ውስጥ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረም። ወንዙ እንደወትሮው ከእብነ በረዱ ዱቄት ወተት መስሎ ይወርዳል፣ የድንጋይ መኪኖቹ ጥግ ድረስ ያስጠጓችኋል። የሥራ ቤቱን በር ክፍት ሆኖ አገኘችው። ጀሶው ከተጫነበት ቀን ወዲህ ደፉን አልረገጠችም፣ አሁንም አልረገጠችም፤ የግቢው በር ላይ ከወይኑ ሐረግ ሥር ቆመች። ሁሉም ቦታው ላይ ነው። የተደረደሩት የጀሶ ራሶች፣ የአባቷ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእንጨት መስቀል፤ ሁሉም ጣት የሚያሰምጥ ነጭ አቧራ ለብሷል። ግቢው መካከል አንዲት አዲስ ፕሲኬ ተቀምጣለች፤ የምትነጣ፣ እጆቿን ዘርግታ ባዶውን የከበበች። ከበላይዋ አሞሬ በማንሻው ሰንሰለት ታስሮ ተንጠልጥሏል። የዱሮዋ ፕሲኬ እጆች ከራሱ ላይ ወርደው የሥራ ጠረጴዛው ላይ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድመዋል። አርጂያ ዓይኗ እዚያ ላይ ቀረ። የአለስላሽ ዓይን ነው፣ አቧራ አያመልጠውም፤ በዚያ ቤት ውስጥ አቧራ የሌለባቸው እነዚያ እጆች ብቻ ነበሩ። "በየቀኑ ካልተጠረገ እንዲያ አይሆንም" አለችኝ ስትነግረኝ፤ ነገሩን ግን ምን ብላ እንደምትፈታው ያኔ አላወቀችም።

ስፓርታኮ መሰላሉ ላይ ነበር። ጀርባው ጎብጧል፣ ሰማያዊ ቱታው ሰፍቶታል። አሞሬን ቀስ እያደረገ ያወርድና ድንገት፣ ልማድ ነውና፣ ወደ ታች ጮኸ።

"አለህ?"

ከሥር ያለው የሮቦቱ ቤት ጎረምሳ ቀና አለ። "ምን አልከኝ ማኤስትሮ?"

"አለህ ወይ ነው የምልህ!"

"እዚሁ ነኝ እንጂ፣ የት እሄዳለሁ?"

አርጂያ መልሱ ምላሷ ላይ መጣባት። አፏን ብትከፍት ይወጣ ነበር። መልሳ ዋጠችው። "ለእኔ አይደለማ የጠየቀው" አለችኝ። አሞሬ ወረደ። ወርዶም አልገጠመም። አዲሲቱ ፕሲኬም ደረቷ ላይ ከእሷ ጋር የተቀዳ የወንድ እጅ ነበራት፤ ግን የሌላ ሥራ ቤት ልጅ ናት፣ ከካኖቫ ሌላኛው ሥራ የተቀዳች፤ የአሞሬ አንጓ ከእጁ ላይ በአንድ ጣት ስፋት ርቆ አየር ላይ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። ስፓርታኮ መሰላሉን ወርዶ ክፍተቱን በጣቱ ለካ።

"አይገጥምም" አለ።

ኮምፒዩተሯን ጭኗ ላይ ያደረገችው ወጣት መሐንዲስ፣ ደግ ልጅ ናት አሉ፣ ፈገግ አለች። "ችግር የለውም ሲኞር ስፓርታኮ፣ ክፍተቱን ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል። አይታወቅም።"

"እኔ ምን ላድርግ?"

"ምንም። እርስዎ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም። ሰኞ መፈልፈል ይጀምራል።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ስፓርታኮ ያቺን አንድ ጣት ክፍተት እያየ ቆየ። ዞር ሲል የግቢው በር ላይ እህቱን አየ። ልጆቹ በብርሃን መሣሪያቸው ሥራ ላይ ናቸው፣ ያየ የለም። ለስንት ጊዜ ያጠናችው ንግግር፣ የማስለቀሱም የደጅ ማስጠናቱም፣ አንዱ ቃል እንኳ አልተገኘም። ቂጣውን የአጥሩ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ወደ አውቶቡሱ ሄደች። መታጠፊያው ጋ እስክትደርስ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ ነው የሄደችው። አልጠራትም።

ወደ ማታ የባቄላ ሾርባ ይዤላት ወጣሁ። ኮቷን አላወለቀችም፣ መብራትም አላበራችም፣ ፕሲኬ አጠገብ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላለች። ሁሉንም የነገረችኝ ያኔ ነው። ሳህኑን ተቀበለችኝ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "አረጀ" አለች በመጨረሻ። ከዚያ ደግሞ፣ "ያቺ ልጅ ምንም አያስፈልግም አለችው፣ በጆሮዬ ሰማሁ። ኢሶሊና፣ ሰው እንዲፈልገኝ ብዬ አይደለም። ወንድሜን እንዳስፈልገው ብቻ ነበር የምለው። ለሚስማሩም ቢሆን።" አልቅሳ ቢሆን አቅፌያት እወርድ ነበር። አላለቀሰችም። የዚያን ያህል ለሰው አዝኜ አላውቅም። ቤቴ ወረድኩና የራሴን ሾርባ ቀርቤ ተቀመጥኩ፤ ማንኪያው ግን አልነሣ አለኝ።

ያኔ ነው አንዲት ባለ ሦስት እግር የጭነት መኪና እየተንተፋተፈች መንገዳችን ውስጥ ገብታ ከመስኮቴ ሥር የቆመችው። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ስፓርታኮ ነው። ቱታውን አልቀየረም። የመኪናዋ ጀርባ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ ከአንደኛው ጫፍ ነጭ ጣቶች ብቅ ብለዋል። ጥቅልሉን እንደ ሕፃን ታቅፎ አወረደው። ደወሉን አልነካም። ለምን እንደመጣ ራሴን ጠየቅኩ። ለአሞሬ እጅ እንዳልል፣ ክፍተቱን ማሽኑ ይሞላዋል ተብሏል። ለሚስማሩ እንዳልል፣ ሚስማር ቀርቷል። አዲሲቱ ፕሲኬም የራሷ እጆች አሏት። በዓለም ላይ ከእህቱ የሚያስፈልገው አንድም ነገር አልነበረም። እና መጣ። ራሱን ወደ ኋላ ቀልሶ፣ የአርጂያን ጨለማ መስኮት እያየ፣ መንገዱን በሚሞላ ድምፅ ተጣራ።

"አለሽ?"

ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት መክፈት ጀመረ። ከፊት ለፊት አንዲት ሴት "ማን ሞተ?" አለች። ከበላዬ ድምፅ የለም። እሱ ጥቅልሉን እንደታቀፈ ቆሟል፤ የሚናገረው ሌላ ቃል ያለውም አልመሰለኝም። "በይ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!" አልኩ እኔ ለጣሪያው፣ በሹክሹክታ። ስፓርታኮ ደገመ። አሁን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፣ የተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ።

"አርጂያ፣ አለሽ?"

ከላይ ወንበሯ ተንቀሳቀሰ። ኮቴዋ ግን ወደ መስኮቱ አልሄደም፣ ወደ በሩም አልሄደም። ፕሲኬ ወደተጋደመችበት ሄደ፣ እዚያ ቆመ፣ ከዚያ የጣሪያዬ እንጨት ሲጢጥ አለ፤ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ ሁለተኛው። ተንበረከከች። አውራ ጣቶቿ የት እንዳሉ አላየሁም፣ ማየትም አላስፈለገኝም።

"አለሁ!"

ሥራ ቤት ውስጥ፣ ከሐውልት ማዶ ላለ ሰው እንደሚጮህ አድርጋ ነው የጮኸችው። ስፓርታኮ ለአፍታ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ትከሻውን በሩ ላይ ገፋ አድርጎ፣ የፕሲኬን እጆች እንደታቀፈ፣ እየተነፈሰ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ከስንጥቁ የረገፈው ልስን ሾርባዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንዳለ ጠጣሁት።